ረጅም ሞገድ በአጭር ሽቦ

(የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን ያሰሙት ንግግር)



ከውኃው ጋን ማማ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ተዘርግቶ የምታዩት ሽቦ የልብስ ማስጫ አይደለም። ምን እንደ ሆነ ብዙ ሰው ስለ ጠየቀን ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት እንናገራለን። ከዚህም ጋር የምንናዘዘው አንድ ጥፋት አለን፤ እርሱን ወደ ኋላ እናመጣዋለን።

ክራር የሚመታ ሰው ከመዝፈኑ አስቀድሞ ክራሩን እንደሚቃኝ ሁሉ፥ የራዲዮ አማተርም መልእክት ከመላኩ በፊት አንቴናውን መቃኘት አለበት። ይሁን እንጂ የክራር ጅማት ቢላላ ይወጠራል፤ አንቴና ግን በመወጠር አይቃኝም። ርዝመቱ ከሞገዱ ርዝመት ጋር መስማማት ይኖርበታል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በጄኔቭ የተሰበሰበው የዓለም የራዲዮ ጉባኤ ከ135.7 እስከ 137.8 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ጠባብ ቦታ ለአማተሮች ፈቀደ፤ የሚሠራጨውም ጉልበት ከ1 ዋት እንዳይበልጥ ወሰነ። የራዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፥ በ137 ኪሎ ኸርዝ አንዱ ሞገድ 2,190 ሜትር ያህል ይረዝማል። ለመልካም አንቴና የሚበቃው ሩቡ እንኳ 547 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ምሰሶ በጅጅጋ ሜዳ ላይ ቢቆም ካራማራን ሳያስቀና አይቀርም! የእኛ ሽቦ ግን ቁመቱ 10 ሜትር፥ አግድሙ 40 ሜትር ብቻ ነው። በዚህ አናፍርም፤ በስዊድን አገር በግሪሜቶን እ.ኤ.አ. በ1924 የተሠራው ታላቅ ጣቢያ ስድስት ባለ 127 ሜትር ማማዎች ሲኖሩት፥ በ17.2 ኪሎ ኸርዝ ለሚሠራው ሞገዱ እርሱም አጭር ነው።

አጭር ሽቦ እንደ ካፓሲተር ነውና የኤሌክትሪኩን ጅረት እንደ ልብ አያሳልፍም። አንድ ሜትር ሽቦ በግምት 6 ፒኮ ፋራድ ቢይዝ፥ የእኛ 50 ሜትር 300 ፒኮ ፋራድ ይሆናል። ይህም በ137 ኪሎ ኸርዝ 3,900 ኦም ያህል እንቅፋት ነው። እንቅፋቱን የሚሽረው ተቃራኒው፥ ማለት ጥቅል ሽቦ ነው። በስሌታችን 4.5 ሚሊ ሄንሪ ያስፈልገን ነበር። ስለዚህ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ የፕላስቲክ በርሜል ላይ 150 ዙር ጠመጠምን። 140 ሜትር ሽቦ ፈጀ፤ የጣቶቻችንንም ነገር አታንሡብን። በውስጡም ለጥቂቱ ማስተካከያ የሚዞር ሌላ ትንሽ ጥቅል አገባን።

ወደ አየር የሚያሠራጭ ሰው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። እኛ ፈቃድ ስለሌለን አንዲት ቃል አላሠራጨንም፤ የቃኘነው ጉልበቱ ከዋት አንድ አሥረኛ በማይሞላ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ነው። ትንሹን ጥቅል ቀስ እያደረግን ስናዞር፥ ጅረቱ ከሁሉ የሚበልጥበትን ነጥብ በኦሲሎስኮፕ እንፈልጋለን። ቅኝቱ ያ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ነጥብ አላገኘንም። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ስሕተቱ ከስሌቱ አልነበረም። ሽቦውን ያለ ማገጃ ከባሕር ዛፉ ጋር አስረነው ኖሮ፥ ዛፉ ጅረታችንን ወደ መሬት ይጠጣው ነበር። በናይሎን ገመድ ለየነው። ደግሞም የበጋው መሬት ደረቅ ስለ ሆነ፥ ከመሬት በታች በየአቅጣጫው አሥራ ሁለት ሽቦዎች ቀበርን። ሁለቱን ፍየሎች ነቅለው አወጡብን።

በኋላ ስናስበው የመሬቱ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ጥቅሉና መሬቱ በአንድነት 60 ኦም ቢያባክኑ፥ ሽቦው በእውነት ወደ አየር የሚያሠራጭበት ድርሻ 0.03 ኦም ብቻ ነው። እንግዲህ 100 ዋት ብንሰጠው ከ2,000 እጅ አንዱ እጅ ሞገድ ይሆናል፤ የቀረው አፈርና መዳብ ያሞቃል። ነገር ግን ያችው ጥቂት ሞገድ የምድርን ገጽ ይዛ ትሄዳለች። አማተሮች አንዷን የሞርስ ነጥብ ሦስት ሰከንድ፥ አንዳንዴም አንድ ደቂቃ እያስረዘሙ፥ በኮምፒዩተር ከጫጫታው መካከል ይለዩአታል። ከጅጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌና እስከ ቀብሪ ደሃር መንገድ ያለው ሜዳ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለናል።

ቅኝቱ ግን እጅግ ጠባብ ነው፤ ስፋቱ 2 ኪሎ ኸርዝ ያህል ነው። የሽቦው ካፓሲቴንስ በመቶ 3 ቢለወጥ ከቦታው ይሸሻል። የጅጅጋ ነፋስ ሽቦውን ባወዛወዘ ቍጥር ነጥቡ በመስታወቱ ላይ ሲጨፍር አየን። ሱማሌ ወገኖቻችን ካራን የሚሉት የክረምት ዝናብ ሲጀምርም ወደ ታች ወረደ።

አሁን ወደ ጥፋታችን። ነጥቡን አጥርተን ባገኘንበት ቀን ከሰዓት በኋላ፥ ሁላችን አዴር የምንላቸው ዘበኛ መጥተው፣ «ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሽቦችሁን ከመሬት ጋር አገናኙት» አሉን። «እሺ አዴር» አልን። ከዚያ ደወል ተደወለና ወደ ክፍል ሮጥን። መብረቁ የወደቀው ከግቢያችን ርቆ ነበር፤ ሆኖም በሽቦው ላይ ያሳደረው ኃይል የቤተ ሙከራውን መሣሪያ አቃጠለ። በዚያች ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ሰው አለመኖሩ የእግዚአብሔር ቸርነት እንጂ የእኛ ብልኅነት አይደለም። መምህራችን፣ «ተረኛው ማን ነበር?» ብለው ጠየቁን። ዛሬም ቢሆን ስም አንጠራም፤ ተረኞቹ እኛ ነን።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ይህን የምንነግራችሁ ገንዘብ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም፤ እርግጥ የመሣሪያውን ዋጋ እኩሌታ ከኪሳችን አዋጥተን እኩሌታው ቀርቶናል። ፈቃድ አግኝተን በ100 ዋት ብንሠራ በጥቅሉ ጫፍ ላይ 5,000 ቮልት ይቆማል። ልጆቻችሁ ከምን አጠገብ እንደሚቆሙ አስቀድማችሁ ማወቅ ይገባችኋል። አይሆንም ብትሉን ሽቦውን እናወርዳለን።

ትፈቅዱ እንደ ሆነ ግን ሥራው እንዲህ ይቀጥላል፤ ጥቅሉ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የመሬት ማገናኛው ከቤት ውጭ ተተክሏል። የየዕለቱ ተረኛ ስም በበሩ ላይ ይጻፋል፤ ቁልፉም የሚቀመጠው ከአዴር ዘንድ ነው።