መልእክቱና ተቀባዩ፦ የሆርሞን ተቀባዮች የዘር ውርስ ልዩነትና የወንድ መካንነት

(ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር)



አንድ ትዳር ልጅ ሳያፈራ ዓመታት በተቆጠሩ ጊዜ፥ የጎረቤት ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በሚስቲቱ ላይ ነው። ጠበል የምትሄደው፥ ስለት የምትሳለው፥ የሐኪም ደጅ የምትጠናው እርሷ ናት፤ ባልየው ግን መልከ ጤናማና ጉልበተ ጠንካራ በመሆኑ ብቻ ከጥያቄው ውጭ ይሆናል። የሕክምና ሳይንስ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት፥ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ መካንነት ያጋጥመዋል፤ ልጅ ካጡት ባልና ሚስቶችም በግማሽ በሚጠጉት ዘንድ፥ ወንዱ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር የችግሩ ተካፋይ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ከወንድ መካንነት ምክንያቶች አንዱን፥ ማለትም በሆርሞን ተቀባዮች ላይ የሚታየውን የዘር ውርስ ልዩነት በአጭሩ ማስረዳት ነው።

የወንድ ዘር ሕዋስ የሚመረትበት አሠራር ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር ሥርዓት ነውና። በአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ የተባለችው ዕጢ፥ ኤል.ኤች. እና ኤፍ.ኤስ.ኤች. የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን በደም አማካይነት ትልካለች። ኤል.ኤች. በዘር ፍሬ ውስጥ ያሉት የላይዲግ ሕዋሶች ቴስቶስቴሮን እንዲያመርቱ ያዛል፤ ኤፍ.ኤስ.ኤች. ደግሞ ታዳጊውን የዘር ሕዋስ የሚመግቡትንና የሚንከባከቡትን የሰርቶሊ ሕዋሶች ያሠራል። ቴስቶስቴሮን በበቃ ጊዜ አንጎል ይህንኑ ተረድቶ ትእዛዙን ይቀንሳል። አንድ የዘር ሕዋስ ተመርቶ እስኪበስል ድረስ 74 ቀን ያህል ይፈጃል።

ይሁን እንጂ መልእክት መላክ ብቻውን ሥራን አያስፈጽምም። ሆርሞን በደም ውስጥ ሞልቶ ቢገኝም፥ ሕዋሱ ለእርሱ የተሠራ ተቀባይ ፕሮቲን ከሌለው ወይም የተቀባዩ ቅርጽ ከተዛባ ትእዛዙ አይደርስም። የማሰራጫ ጣቢያው ኃይሉን ቢጨምር፥ ሬዲዮው በተበላሸበት ቤት ዜናው አይሰማም። ስለዚህም የሆርሞን መጠን በምርመራ ደኅና ሆኖ ሲገኝ፥ ነገሩ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ከእነዚህ ተቀባዮች ዋነኛው የቴስቶስቴሮን ተቀባይ፥ ማለትም የአንድሮጅን ተቀባይ ነው። ተመራማሪዎች ጂኑን ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን፥ የሚገኘውም በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው፥ ያንንም ከእናቱ ስለሚወርስ፥ ለዚህ ጂን መጠባበቂያ የለውም። ተቀባዩ ፈጽሞ የማይሠራ ከሆነ፥ የወንድ ክሮሞዞምና የዘር ፍሬ ያለው ሰው በውጭ አካሉ ሴት ሆኖ ይወለዳል። ጉድለቱ ቀላል ሲሆን ግን ሰውየው በመልኩም ሆነ በአቋሙ ከሌሎች ወንዶች ሳይለይ፥ የዘር ምርቱ ብቻ ሊያንስ ይችላል።

በዚሁ ጂን ውስጥ ሲ.ኤ.ጂ. የተባለው ሦስት ፊደል ተደጋግሞ የሚጻፍበት ክፍል አለ። ድግግሞሹ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከ9 እስከ 36 ይደርሳል። በላቦራቶሪ እንደታየው፥ ድግግሞሹ በረዘመ መጠን የተቀባዩ ሥራ ይዳከማል። ከ38 በላይ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1968 ዊልያም ኬኔዲ የገለጸው ጡንቻን የሚያመነምን በሽታ ይከሰታል፤ ምክንያቱ ይህ ድግግሞሽ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በሽታው ካለባቸው ወንዶች መካከልም የጡት ማበጥና የመውለድ ችሎታ መቀነስ የሚታይባቸው አሉ። በጤናማው ወሰን ውስጥ ስላለው ልዩነት ግን ጥናቶቹ አንድ ቃል አይናገሩም። መካን በሆኑ ወንዶች ዘንድ ድግግሞሹ በአማካይ ጥቂት ረዝሞ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ፤ ልዩነት ያልታየባቸውም አሉ። ማንኛውም መሐንዲስ እንደሚያውቀው፥ በተፈቀደው የልኬት ወሰን ውስጥ ያለ ዕቃ ብቻውን መኪና አያቆምም፤ ሌላ ድካም ሲጨመርበት ግን ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ስለ ኤፍ.ኤስ.ኤች. ተቀባይ ደግሞ ከፊንላንድ የተገኘ ትምህርት አለ። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1995 ተመራማሪዎች ተቀባዩን የሚያሰናክል አንድ የጂን ለውጥ ገለጹ፤ ለውጡን ከሁለቱም ወላጆቻቸው የወረሱ ሴቶች የእንቁላል ዕጢያቸው ሥራውን ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 ይኸው ለውጥ ያለባቸው አምስት ወንዶች ተመረመሩ። የዘር ምርታቸው በተለያየ መጠን የተጓደለ ቢሆንም፥ ሁለቱ ልጅ ወልደው ነበር። እንግዲህ አንድ ዓይነት ጉድለት ሴቲቱን ሲያመክን ወንዱን ፈጽሞ ላያመክን ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ተግባራዊ ትምህርት ምንድን ነው? አንደኛ፥ ዘሩ ያነሰ ወንድ የቴስቶስቴሮን መርፌ ቢወስድ ይጠቅመዋል የሚለው አሳብ አደገኛ ስሕተት ነው። ከውጭ የገባው ሆርሞን አንጎልን ስለሚያታልል የፒቱታሪ ትእዛዝ ይቋረጣል፤ የዘር ምርትም ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው የወንዶች የወሊድ መከላከያ ጥናት፥ በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስቴሮን ይወጉ ከነበሩት ጤናማ ወንዶች ከግማሽ የሚበልጡት በስድስት ወር ውስጥ የዘር ፈሳሻቸው ከዘር ሕዋስ ባዶ ሆኗል። ልጅ ፈላጊው ሰው ለመከላከያ የተሞከረውን መድኃኒት ለመፈወሻ እንዳይገዛ መጠንቀቅ አለበት።

ሁለተኛ፥ ቴስቶስቴሮንና ኤል.ኤች. በአንድነት ከፍ ብለው ከተገኙ፥ አንጎልም እንደ ሌላው አካል መልእክቱን በሚገባ እየተቀበለ አለመሆኑን ስለሚያመለክት ሐኪሙ ተቀባዩን ሊጠረጥር ይገባል። ሦስተኛ፥ የተቀባይ ልዩነት ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ብቻ ነው። የደም ሥር ማበጥ፥ ልክፍት፥ የዋይ ክሮሞዞም ጉድለትና ሌሎችም አሉ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀረውም ጥቂት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1992 ከብራስልስ የተሰማው፥ አንድን የዘር ሕዋስ በቀጥታ ወደ እንቁላል የማስገባት ዘዴ፥ ጥቂት ዘር ላላቸው ወንዶች ተስፋ ከፍቷል። በአዲስ አበባም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ጀምሯል። የአንድሮጅን ተቀባዩ ጉድለት ያለበት አባት በዚህ ዘዴ ቢወልድ፥ ጂኑ ለወንድ ልጁ ሳይሆን ለሴት ልጁ ይተላለፋልና፥ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መመካከር ይበጃል።

ክቡራትና ክቡራን፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከሴቷ ምርመራዎች ከብዙዎቹ ይልቅ ቀላልና የማያሳምም ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ከመጀመሪያው ቀን በአንድነት ሊመረመሩ ይገባል። ማንም ሰው የተቀባዩን ጂን መርጦ አልተወለደም፤ ጉድለት የተገኘበት ባልም ሆነ ጂኑን ያወረሰችው እናት የሚያፍሩበት ነገር የለም። የሚያሳፍረው፥ ባል ያልደፈረውን ምርመራ ሚስት ለዓመታት ስትከፍልበት ዝም ብሎ ማየት ነው።