ጉንዳንና የግራር አበባ

ከሳንጃ እስከ መተማ ባለው ቆላ የዕጣን ዛፍ በበጋ ሲያብብ ንቦች ይረባረቡበታል። አበባ ላይ ጉንዳንም አይጠፋም። ለመሆኑ ጉንዳን እንደ ንብ ብናኝ ያዳርሳል?

አልፎ አልፎ አዎ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይሆንለትም። ሠራተኛ ጉንዳን ክንፍ ስለሌለው ከዛፍ ዛፍ ርቆ አይሄድም። በዚያ ላይ የብዙ ጉንዳኖች ደረት ላይ ያለ ዕጢ ጀርምና ሻጋታ የሚከላከል ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ መኖሪያቸውን ከበሽታ ይጠብቃል፤ የአበባ ብናኝ ሲነካ ግን ያመክነዋል።

ያም ሆኖ ጉንዳን ለዛፍ ባለውለታ ነው። በኛና በሱዳን ቆላ፣ ዋልካ መሬት ላይ፣ የእሾሁ ሥር አብጦ ውስጡ ባዶ የሆነ ግራር ይበቅላል። ጉንዳን ይበሳውና ይኖርበታል፤ ነፋስ ሲመጣ ቀዳዳው ያፏጫል። እንዲህ ባለ ግራር ላይ የሚኖር ጉንዳን ቅጠል ሊበላ የመጣን እንስሳ ነክሶ ይመልሳል።

ታዲያ ንቧንስ አያባርራትም? በ1997 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ፣ ታንዛኒያ ውስጥ የተካሄደ ጥናት መልስ አለው። አዲስ የፈካ የግራር አበባ ጉንዳንን የሚያሸሽ ጠረን ያወጣል። እንዴት ያለ ድንቅ ሥርዓት ነው! ንቧ ሥራዋን ስትጨርስ ጠረኑ ይጠፋል፤ ጉንዳኑም ተመልሶ ፍሬ ሊይዝ የተዘጋጀውን አበባ ይጠብቃል።