ሰው ራሱን ስለ ምን ይዋሻል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ አድማጮቻችን ሆይ፤ ልብ ወለድ ታሪክ ማንበብ ሐሰትን መስማት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን ዛሬ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ይኸውም በልብ ወለድ መጻሕፍት ውስጥ የምናገኛቸው ሰዎች ሌላውንም ራሳቸውንም ስለ ምን ይዋሻሉ? የሚል ነው።

የሐሰት ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ባሳተሙት ታሪክ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። አንባቢ ይህን አይቶ አይፈርድባትም፤ ማንነቷን ከሌላው ሰወረች እንጂ ከራሷ አልሰወረችምና።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የምናገኛቸው ፊታውራሪ መሸሻ ግን ከዚህ ይለያሉ። ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለጋብቻ የሚጠይቁትን ሁሉ በዘራቸው እየመዘኑ ይመልሷቸዋል፤ የልጃቸውም ወጣትነት በከንቱ ያልፋል። እርሳቸው ግን የቤታቸውን ክብር የጠበቁ ይመስላቸዋል። ትዕቢትን ክብር ብለው ጠሩት፤ ስሙንም ስለ ለወጡ ነገሩ የተለወጠ መሰላቸው። ራስን መዋሸት ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ክፉውን ሥራ ሳይተዉ መልካም ስም ማውጣት።

ይህ ደግሞ በደራሲ ልብ ብቻ የተወለደ አይደለም። በካልዕ መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 እንደ ተጻፈው ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ከወሰደ በኋላ ኦርዮን አስገደለው፤ የሞቱንም ደብዳቤ በራሱ በኦርዮ እጅ ላከው። ወሬው በመጣለት ጊዜ ግን ሞቱን እንደ ተራ የጦርነት ዕጣ ቆጥሮ ኢዮአብን አጽናናው። ግድያውን የጦር ሜዳ ዕጣ ብሎ ሰየመውና ዝም አለ።

እግዚአብሔርም ነቢዩ ናታንን ላከ። ናታን ተግሣጽ አላስቀደመም፤ አንዲት በግ ብቻ ስለ ነበረችው ድኻና ያችን በግ ስለ ነጠቀው ባለጸጋ ታሪክ ነገረው። ዳዊት በራሱ ስም ሲደርስበት ያላየውን በደል በሌላ ሰው ላይ ባየው ጊዜ ተቈጥቶ ፈረደ። ያ ሰው አንተ ነህ በተባለ ጊዜም አልካደም፤ በድያለሁ አለ እንጂ። የፈጠራ ታሪክ እውነትን እንዲህ ያገለግላል፤ ሥራችንን ያለ ስማችን ያሳየናል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ በፊታውራሪ መሸሻ ስንስቅ አምሽተን መጽሐፉን ከዘጋን በኋላ እኛስ ምን እናደርጋለን? ንፍገትን ቁጠባ፣ ቂምን ክብር፣ ለተበደለ ሰው መመስከር መፍራትን ትዕግሥት ብለን እንጠራለን። ይባስ ብሎም በንስሐ አባታችን ፊት ተንበርክከን የኃጢአታችንን ስም ለውጠን እንናገራለን። ካህኑ የሚያዝዘው በሰማው መጠን ነውና ስሙን የለወጥነው ቁስል ሳይታከም ወደ ቤታችን ይመለሳል።

ስለዚህ ከመተኛታችን በፊት የዋልንበትን ሥራ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምንሰማ አድርገን ለራሳችን እንንገረው፤ በዚያ ሰው ላይ የምንፈርደውንም በራሳችን ላይ እንፍረድ። አንባቢ የታሪኩ ባለቤት የማያየውን እንደሚያይ እግዚአብሔርም እኛ ከራሳችን የሰወርነውን ያያል፤ እርሱ ግን የሚያየው ሊምረን ነው።

ኃጢአታችንን በስሙ ለመጥራት ድፍረቱን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።