ብቻቸውን የቆሙ እንደራሴ



ነጻነት በአፍ ሲነገር ቀላል ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ሲከፈል ነው። የታሪክ ሊቁ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ርእሰ ብሔር ነበሩ። ከድርጅታቸው ከተለዩ በኋላ፥ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በትውልድ ስፍራቸው በደምቢ ዶሎ በግላቸው ተወዳድረው አሸነፉ። ከምክር ቤቱ 547 ወንበሮች በግል ተመራጭ የተያዘው ይኸው አንዱ ብቻ ነበረ።

የቀድሞ ርእሰ ብሔር ከፖለቲካ እንዲርቅ ሕግ ያዛል ተብሎ፥ በአዋጅ የተፈቀደላቸው ጥቅም ተቋረጠባቸው። እሳቸው ግን ወንበሩን አልለቀቁም። ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ዐረፉ።

አንድ ድምፅ ብቻውን ሕግ አያጸድቅም፤ አይሽርምም። ነገር ግን መምህር ስለ እንደራሴነት ሲያስተምር፥ ሥልጣን ከሕዝብ የተቀበሉት አደራ እንጂ የክብር ወንበር ብቻ አለመሆኑን በዚህ ሕይወት ሊያስረዳ ይችላል፤ ተማሪ ከቃል ይልቅ ከምሳሌ ይማራልና።