አበባውን የሚቆርጥ ገበሬ



በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ስማር፣ በአንድ ፈተና ወድቄ አንገቴን በደፋሁበት ሰሞን፣ በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ኩከንሆፍ የተባለውን የአበባ ሥፍራ ለማየት ሄድሁ። ሥፍራው 32 ሄክታር ስፋት ሲኖረው፣ ለሕዝብ የተከፈተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 ነው። በየዓመቱ ከብርዱ ወራት በፊት 7 ሚሊዮን ያህል ሽንኩርት መሳይ የአበባ ሥሮች በሰው እጅ ይተከሉበታል። ቱሊፕ የተባለው አበባ በመሬት ውስጥ ብርድ ካልነካው አምሮ አያብብም።

ከአጥሩ ውጭ ባለው እርሻ ያየሁት ግን ይበልጥ አስደነቀኝ። ገበሬው የፈካውን አበባ በመኪና እየቆረጠ ይጥለዋል። «ይህ ምን ያለ ጥፋት ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የምንሸጠው ሥሩን ነው፤ አበባው ሲቆረጥ ኃይሉ ሁሉ ሥሩን ያወፍራል» ሲል መለሰልኝ።

ያን ጊዜ ያዘንሁት ስለ ጎደለኝ ዕውቀት ሳይሆን ስለ ስሜ እንደ ነበረ ተገነዘብሁ፤ ተመልሼም መጽሐፌን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁ።

እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ ደክማችሁ ስማችሁ ሳይጠራ ሲቀር፣ ያን ገበሬ አስታውሱት።