ስለ ካርቦን ክርና ስለ ሙጫ ኅብረት

በመልካ ጀብዱ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ጥበብ ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት እንግዳ ይመስላል፤ ቀርበው ሲመረምሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ በቤት ውስጥ የሚታወቅ ነገር ሆኖ ይገኛል። ዛሬ የሚነገረውም ነገር እንደዚሁ ነው።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር የገባባት ከተማ ናትና የብረትን ጠባይ ሽማግሌዎቿ አሳምረው ያውቃሉ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ድሬዳዋ የሚያርፈውን ባለ ውልብልቢት አውሮፕላን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ ነፋሱን እየቀዘፈ የሚስበው ነገር ብረት እንዳይደለ ይወቅ። ኪው 400 የሚባለው ይህ አውሮፕላን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ያገለግላል። ሞተሮቹ ሁለት ናቸው፤ በእያንዳንዱም ሞተር ላይ 6 መቅዘፊያዎች አሉ። ውልብልቢቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፥ ከምድር ለመነሣት በሚጣደፍበት ጊዜ በደቂቃ 1020 ጊዜ ይዞራል። መቅዘፊያዎቹን የሚሠራው በእንግሊዝ አገር ዳውቲ የሚባል ፋብሪካ ነው፤ አጥንታቸውም የካርቦን ክርና ሙጫ ነው።

ክርና ሙጫ ይህን የመሰለ ኀይል እንዴት ይችላሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፥ የቤቱን ግድግዳ ይመልከት። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድም ብቻውን ቢሆን ነፋስ ይወስደዋል፤ ሁለቱ አብረው ተረግጠው ሲቦኩ ግን ክረምትን የሚችል ግድግዳ ይሆናሉ። ክር ሲስቡት ይጠነክራል፤ ሲገፉት ግን ይታጠፋል። የደረቀ ሙጫ ቅርጽን ይይዛል፤ ቢመቱት ግን ይሰበራል። ስለዚህ ክሩ ኀይልን ይሸከማል፥ ሙጫውም ክሩን በስፍራው ያጸናዋል። ከሁለቱ ኅብረት የሚገኘው ነገር በመጠን እኩል ከሆነው ብረት ክብደቱ አምስተኛ እጅ ያህል ብቻ ነው።

የካርቦን ክር አሠራሩ ከከሰል አክሳይ ሥራ ጋራ ይመሳሰላል። ከሰል አክሳይ ዕንጨቱ ዐመድ እንዳይሆንበት በአፈር ከድኖ አየር ይከለክለዋል። እንዲሁም በፋብሪካ የተሠራ ክር አየር በሌለበት ምድጃ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ፥ ሌላው ባሕርዩ ተንኖ ይወጣና ካርቦኑ ይቀራል። የአንዱ ክር ውፍረት ከሰው ጠጕር ዐሥረኛ እጅ ያህል ስለ ሆነ፥ እልፍ እልፉ እየተሰበሰበ ይሠራበታል።

ሥራው በአምስት ተራ ይፈጸማል። በመጀመሪያ ደረቁ ክር እንደ ሸማ በድርና በማግ ይሸመናል፥ ወይም እንደ ሹሩባ ይጐነጐናል፤ የሚፈለገውንም ቅርጽ ይይዛል። በሁለተኛው ሁለት ወገን በሆነ ጽኑ ፎርማ ውስጥ ገብቶ ይዘጋበታል፤ ይህም ለሲሚንቶ ሥራ እንደሚታሰረው ካሳፎርማ ነው፤ ነገር ግን ይህኛው ከላይም ከታችም ግጥም ያለ ነው። በሦስተኛው በውስጡ ያለው አየር ተስቦ ይወጣል። በአራተኛው ሞቆ የቀጠነው ሙጫ በአንድ ወገን በግፊት ይገባል፤ በክሩ መካከል እየሰረገ ሄዶም በሌላው ወገን በመተንፈሻው አረፋ የሌለበት ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይጠበቃል። በአምስተኛው ፎርማው በሙቀት ይቈያል፤ ሙጫውም ይጠነክራል። ሰም ከደረቀ በኋላ ተመልሶ ይቀልጣል፤ ይህ ሙጫ ግን አንድ ጊዜ ከጠነከረ ተመልሶ አይቀልጥም፤ ስለዚህ የተበላሸውን እንደ ገና አቅልጦ ማረም አይቻልም።

የሥራው ፈተና ያለው በአራተኛው ተራ ነው። መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ እንደሚያውቀው፥ ውሃ ሰፊውን ቦይ ይመርጣል፤ ያልተጠበቀም እንደ ሆነ በዳር በኩል ሮጦ ያልፍና መካከሉን ደረቅ አድርጎ ይተወዋል። ሙጫም እንዲሁ ነው። ሠራተኛው ቸኩሎ አብዝቶ ቢገፋው ክሩን ከስፍራው ያፈናቅለዋል፤ ቢዘገይም ሙጫው መንገዱን ሳይጨርስ ይወፍራል። በዚያን ጊዜ በውስጥ ደረቅ ስፍራ ይቀራል። ላዩ ግን ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ያማረ ይመስላል። እንዲህ ያለው መቅዘፊያ ሳይመረመር ወደ ሥራ ቢገባ፥ የሚጐዳው የሠራው ሰው ሳይሆን ምንም የማያውቀው መንገደኛ ነው።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ ይመረመራል። ሴቶች በገበያ እንስራ ሲገዙ በጣታቸው ቈርቈር አድርገው ድምፁን እንደሚሰሙ፥ መርማሪዎችም ዕቃውን በቀስታ እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ከዚህም በላይ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ረቂቅ ድምፅ በመሣሪያ እየላኩ ውስጡን ይፈትሻሉ።

የሙጫው ጠላት እሳት ነው። ለዚህም ምስክር አለ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ንግሥተ ሳባ የተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 በለንደን ሂዝሮው ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ፥ በጀርባው በኩል እሳት ተነሣ። የዚህ አውሮፕላን አካል ካርቦንና ሙጫ ነው፤ አሠራሩ ግን ይለያል፤ በፎርማ ውስጥ ሙጫ በመግፋት ፈንታ አስቀድሞ ሙጫ የጠጣ ክር ይነጠፍና በግፊትና በሙቀት ይጠነክራል። የእንግሊዝ መርማሪዎች እንደ ጻፉት፥ ለእሳቱ መነሻ ሳይሆኑ ያልቀሩት በአንድ ትንሽ መሣሪያ የባትሪ ክዳን ሥር ተቈንጥጠው የቀሩ ሽቦዎች ናቸው። ሙጫውም ለእሳቱ ማገዶ ሆኖ ቀስ በቀስ አቀጣጠለው። አውሮፕላኑ ተጠግኖ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመለሰ። ተመልከቱ፤ ክዳኑ ከላይ ተዘግቶ ሲታይ ሥራው የተፈጸመ ይመስል ነበር።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ትምህርት ለማሳየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ልጆቹ በአንድ መጠን ሦስት የጭቃ ጡብ ይሥሩ። የመጀመሪያው ያለ ጭድ ይሁን፤ ሁለተኛው ጭዱ በሚገባ የተዋሐደው ይሁን፤ በሦስተኛው ጭዱ በአንድ ወገን ብቻ ይከማች፥ ላዩ ግን በጭቃ ተለስኖ ከሁለተኛው ጋራ ይመሳሰል። በደረቁም ጊዜ ልጆቹ አይተው ብርቱው የትኛው እንደ ሆነ ይናገሩ። ከዚያ በኋላ ጡቦቹ ዳርና ዳራቸው በድንጋይ ላይ ተደግፎ ከመካከላቸው ሸክም ይጫንባቸው። ሦስተኛው ጡብ ጭድ በጐደለበት በኩል ሲሰበር፥ መምህሩ ብዙ ቃል መናገር አያስፈልገውም።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ በመልካ ጀብዱ አካባቢ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተተክሏል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በድሬዳዋ የነጻ ንግድ ቀጣና ተከፍቷል። ከዛሬ ተማሪዎች ብዙዎቹ ነገ በፋብሪካ ይሠራሉ። የማንኛውም ዕቃ ሥራ ቢደርሳቸው፥ ፎርማው ከተዘጋ በኋላ ውስጡን የሚያይ ሰው የለም። በዚያች ሰዓት ሠራተኛውን የሚጠብቀው፥ በልጅነቱ ከወላጁና ከመምህሩ የተማረው ታማኝነት ነው። እንግዲህ ልጆቻችሁን እጃቸውን ለሥራ ስታስለምዱ፥ ዐይን በማያየው ስፍራ ሥራን አጥርቶ መፈጸምን አብራችሁ አስተምሯቸው።