ከኋላ መቀመጫው ሥር

በሬዲዮ ከቀረበ የወንጌል ትምህርት ለንባብ የተዘጋጀ
የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 14፥25-33፤ ነህምያ 2፥11-16

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መኪና ነው። እንዴ፣ ፓስተር፣ ስብከቱ የት ሄደ እንዳትሉኝ፤ እንደርስበታለን።

እኔ የማገለግለው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ ሶማሌ ተራ አለ። ካንዴላው፣ ቸርኬው፣ ፓራውልቱ፣ ሞተሪኖው በየደጃፉ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ወደ መርካቶ ገባ ስትሉ ደግሞ ምናለሽ ተራ አለላችሁ። ሰው የጣለው ብረት እዚያ ተቀጥቅጦ እንደገና ዕቃ ይሆናል። የእኛ ሰፈር ሰው አሮጌ ነገር አይንቅም። ይህ መልካም ነው፤ እግዚአብሔርም አሮጌውን አይንቅም።

መኪና ደግሞ በአገራችን በቀላሉ አይጣልም። ቀረጡን ታውቁታላችሁ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ አናት ላይ ሰቀለው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫው ዋጋም አብሮ ተነሳ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ለአንድ ደመወዝተኛ ወጣት “መኪና በነፃ ውሰድ” ቢሉት ምን ይላል? ሃሌ ሉያ ነው የሚለው!

እንዲህ የተባለ ወጣት በቤተ ክርስቲያናችን ነበር። ታሪኩን የምነግራችሁ በእርሱ ፈቃድ ነው፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የእኔ ነው።

ስልክ ላይ የተደረገ ጸሎት

ይህ ወንድም መርካቶ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሮ የሚሠራ ትጉህ ልጅ ነው። ታጭቶ ነበር፤ ለሰርጉ አምስት ወር ቀርቶታል። እርሱም ያጠራቅማል፣ እጮኛውም ዕቁብ ትጥላለች። በዚህ መካከል አጎቱ አረፉ። በግቢያቸው ለዓመታት የቆመች አሮጌ ቮልስ ነበረች። የአጎቱ ልጆች ቤቱን ሊሸጡ ስለፈለጉ፣ “ካነሳሃት ያንተ ናት፣ ምንም አንፈልግም” አሉት።

እየሮጠ መጣ። “ፓስተር፣ ጌታ መኪና ሰጠኝ! ይጸልዩልኝ!” አለኝ። ስልኩ ላይ ፎቶዋን አሳየኝ። ሣር በቅሎባታል፣ ጎማዋ መሬት ውስጥ ገብቷል። እኔስ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? እጄን ስልኩ ላይ ጭኜ “በኢየሱስ ስም ተቀበል!” አልኩት። መኪናዋን እንኳን ሄጄ አላየሁም። በእሑድ መድረክ ላይ አውጥቼ አስመሰከርኩት። ጉባኤው አጨበጨበ፣ እልል ተባለ።

ያን ቀን ልጁን በገመድ አሰርኩት። ጌታ ሰጠኝ ብሎ በጉባኤ ፊት የመሰከረ ሰው ከአንድ ወር በኋላ “ተውኩት” ማለት እንዴት ይችላል? ማለት አልቻለም።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ሞተሩ ወረደ፤ ካርቡራተሩ፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ ተለወጠ። የእርሱ ገንዘብ አለቀ። ባትላሜራ ቀጠለ፣ ስቱኮ ተለጠፈ። የሰርጉ ገንዘብ ተነካ። በዚህ ላይ ሊብሬው በሟቹ ስም ነው። ስም ለማዛወር የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ የቴክኒክ ምርመራው፣ ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ይጠብቀዋል። በነፃ የመጣች መኪና እኮ ናት! ለቀለሙ ገንዘብ ሲጠፋ እጮኛው ዕቁቧ ደርሷት ነበርና አውጥታ ሰጠችው። ሰርጉ አንዴ ተላለፈ። ሁለተኛም ተላለፈ።

አንድ ማክሰኞ እጮኛው ቢሮዬ መጣች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። “ፓስተር፣ እርስዎ ተቀበል ባይሉት ኖሮ ይተዋት ነበር” አለችኝ። ቀለበቷን ከጣቷ አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐጂ መቀመጫውን አነሱ

በማግስቱ ልጁን ይዤ ሰፈራችን ወደሚገኙ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድኩ። ሙስሊም ናቸው፤ ሁሉም ሐጂ ነው የሚላቸው። በቮልስ ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ጋራዡ ድረስ አብረውን መጡ። መኪናዋ ቀለም ተቀብታ ታበራለች። ልጁ ሞተሩን ሊያስነሳላቸው ቁልፉን ሲያወጣ “ተወው ልጄ” አሉት።

ሞተሩ ያለበትን የኋላ ክዳን አልከፈቱም። ቀለሙንም አላዩም። በሩን ከፍተው የኋላውን መቀመጫ አነሱት። በዚያች ዓይነት ቮልስ ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። የባትሪ አሲድ ሲንጠባጠብ ወለሉን ይበላዋል፤ ሰው ላዩ ላይ ተቀምጦበት አያየውም። ሐጂ ካቻቢቴ አውጥተው ወለሉን ነካ አደረጉት። ካቻቢቴው በስቶ ወጣ፤ በቀዳዳው የጋራዡ መሬት ይታየን ነበር።

ቀና ብለው ልጁን አዩትና “ሞተር ይገዛል፤ ቀለምም ይቀባል። ይሄ ግን አጥንቷ ነው። ይበየዳል፣ አይበየድም አልልህም፤ ነገር ግን እስካሁን ያወጣኸውን ያህል ይፈልጋል። አውቀህ ከገባህበት አልከለክልህም” አሉት።

እኔ ደግሞ ጠየቅኋቸው። “ሐጂ፣ መጀመሪያውኑ ቢጠይቅዎ ምን ይሉት ነበር?”

“ሰው መጀመሪያ ሞተሩን ያስነሳል፤ ድምፁ ደስ ይለዋላ! እኔ መጀመሪያ መቀመጫውን ነው የማነሳው” አሉኝ።

ወገኖቼ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ፣ ዲግሪዬንም ይዣለሁ። የሉቃስ 14ን ትርጉም ግን ያን ቀን ጋራዥ ውስጥ ነው የተማርኩት።

ሦስት ጥያቄዎች

ጌታችን በሉቃስ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው ይናገራል። ይህ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ሊያሰላ ይገባዋል፤ አለዚያ መሠረቱን ጥሎ መጨረስ ሲያቅተው ያየው ሁሉ ይስቅበታል። ነህምያም የኢየሩሳሌም ቅጥር እንዲታደስ እግዚአብሔር በልቡ ሸክም አኑሮበት ነበር። ቢሆንም ደርሶ ወዲያው መለከት አልነፋም። ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከዚያ በሌሊት ተነሥቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ የፈረሰውን እየዞረ መረመረ። አንድ ቦታ ላይ ፍርስራሹ ለተቀመጠበት እንስሳ መተላለፊያ እስኪያሳጣው ድረስ አየ። ሕዝቡን “እንሥራ” ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራውም በ52 ቀን ተፈጸመ። አያችሁ? መመርመር እምነት ማጣት አይደለም። ነህምያ እንደ እኛ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ምስክርነት ይሰጥ ነበር።

ስለዚህ ነፃ የሆነ ነገር በፊታችሁ ሲቀርብ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ መቀመጫውን አንስቼ አይቻለሁ ወይ? መኪና ብቻ አይደለም። “ቪዛው ነፃ ነው፣ ፓስፖርትሽን ብቻ ስጪኝ” የተባልሽ እህቴ፣ ሥሩን አይተሻል? “ካፒታል የለብህም፣ ስምህን ብቻ አስገባ” የተባልክ ወንድሜ፣ ውሉን አንብበሃል? የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የሚያውቀው ሰው ከቤተ ክርስቲያናችሁ ውጭ ቢሆንም ጠይቁ፤ እኔ ሐጂን መጠየቅ የነበረብኝ ከጸሎቱ ጋር እንጂ ከስድስት ወር በኋላ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ የሚከፍለው ማን ነው? ልጁ “በነፃ አገኘሁ” ሲል የከፈለችው እጮኛው ናት። ብዙ ጊዜ ለአንዱ ነፃ የሆነውን ሌላው በዝምታ ይከፍለዋል። ሚስት ትከፍላለች፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍላል። ከመወሰናችሁ በፊት የሚከፍለውን ሰው አስቀምጡና አዋዩት።

ሦስተኛ፣ ለምን ፈለግሁት? ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ወንድማችን በኋላ ሲነግረኝ “ፓስተር፣ መኪናዋን የፈለግኋት ለሥራ አልነበረም፤ በሰርጌ ቀን የሱቁ ሰዎች ስነዳ እንዲያዩኝ ነበር” አለኝ። እኔም ራሴን መረመርኩ። መድረክ ላይ ያወጣሁት ለምን ነበር? ቤተ ክርስቲያናችን የበረከት ቤት መሆኗ እንዲወራ ፈልጌ ነበር። በመካከላችን መኪና የመንፈሳዊነት መለኪያ የሆነበት ጊዜ አለ፤ ማቴዎስ 6 ግን ዝገት የሚያገኘውን መዝገብ ልባችሁን አታኑሩበት ብሎ ያስጠነቅቀናል። ለዚህ ንስሐ የምገባው እኔ ነኝ።

ማደስ ኃጢአት ነው እያልኩ ግን አይደለም። በዚያው ዓመት አንዲት መበለት እህታችን ባለቤታቸው ትተውላቸው የሄዱ የቆመች ላዳ ነበረቻቸው። ሐጂን ላክሁላቸው። መቀመጫውንም ምንጣፉንም አንስተው አዩና “አጥንቷ ጤና ነው” አሉ። እናታችን ቸኩለው አልተበደሩም፤ ገንዘብ ባገኙ ቁጥር አንድ አንድ ነገር አስጠገኑ። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ዛሬ ልጃቸው ይሠራባታል፣ የቤቱ እንጀራ ከዚያች ላዳ ነው።

የእኛስ መቀመጫ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሉቃስ 14 ቃል የተነገረው ስለ ግንባታ ምክር ለመስጠት ብቻ አይደለም። ብዙ ሕዝብ ጌታን እየተከተለ ነበር፤ እርሱም ዘወር ብሎ እኔን መከተል ዋጋ አለው፣ አስቡበት አላቸው። ሰው ሰብስቦ ለማስጨብጨብ አልቸኮለም።

ደግሞም ወዳጄ፣ አንተም አንቺም እኔም ያቺ ቮልስ ነን። ላያችን ተቀብቷል። እሑድ ልብሳችን ንጹሕ ነው፣ ዝማሬው በአፋችን አለ። መቀመጫው ሥር ግን የሚንጠባጠብ ነገር አለ። ለባለቤትህ ያልነገርከው ዕዳ አለ። በስልክህ ውስጥ የደበቅኸው አለ። ይቅር ያላልሽው እኅትሽ አለች፤ ስሟ ሲጠራ ሆድሽ ይቃጠላል። ሰው ላዩ ላይ ተቀምጦበት አያየውም። ግን ይበላል፣ ዕለት ዕለት ይበላል።

የምሥራቹ ይህ ነው፦ እግዚአብሔር መቀመጫውን አንስቶ አይቷል። እርሱ እንደ እኔ ፎቶ አይቶ “ተቀበል” አላለም። ዝገታችን እስከ የት እንደደረሰ ያውቃል፤ ለማደስ የሚፈጀውንም ዋጋ ያውቃል። አውቆ ነው የገባበት። ሮሜ 5 ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ እንደሞተልን ይነግረናል። ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 1 የተገዛነው በብርና በወርቅ ሳይሆን በክቡር ደሙ እንደሆነ ይጽፋል። መዳን ለእኛ ነፃ ነው፤ ለእርሱ ግን ነፃ አልነበረም።

እርሱ ስቱኮ ለጥፎም አይተወንም። በሕዝቅኤል 36 የድንጋዩን ልብ አውጥቶ አዲስ ልብ እንደሚሰጥ ተስፋ ሰጥቷል። ያ ከአጥንት የሚጀምር ሥራ ነው። ግንቡን ጀምሮ መጨረስ እንዳቃተው ሰውም አይደለም። ፊልጵስዩስ 1፥6ን ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገልጣችሁ አንብቡ፤ ሥራውን በውስጣችሁ የጀመረው እስከ መጨረሻው እንደሚፈጽመው ታገኛላችሁ።

የዚያ ወንድም ነገር ምን ሆነ? መኪናዋን ለመተው ወሰነ። የአጎቱ ልጆችም ፈረሙለት፣ ታርጋዋ ተመለሰ። ሞተሯና መስታወቷ፣ አዲሶቹ ዕቃዎቿም ሶማሌ ተራ ተሸጡ፤ የቀረው ብረት በኪሎ ሄደ። ያወጣውን ግማሽ እንኳን አላገኘም። ካገኘው ላይ መጀመሪያ የመለሰው የእጮኛውን የዕቁብ ገንዘብ ነው። እኔም በሚቀጥለው እሑድ በዚያው መድረክ ላይ ቆሜ “ያልመረመርኩትን በጌታ ስም ተናግሬያለሁ፤ ይቅር በሉኝ” አልኩ። ያን ቀን ማንም አላጨበጨበም። ብዙዎች ግን አለቀሱ፤ ከአገልግሎቱ በኋላም ሦስት ሰዎች መቀመጫቸው ሥር ያለውን ሊነግሩኝ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ሁለቱ ተጋብተዋል። ድግሱ ትንሽ ነበር። ሙሽሮቹ ወደ ቤታቸው የሄዱት በታክሲ ነው፤ ሐጂም ተጠርተው መጥተው ነበር።

እንጸልይ

ወዳጄ፣ ዛሬ መቀመጫህን ለጌታ ልታነሳለት ትወዳለህ? እኅቴ፣ ትወጃለሽ? ባላችሁበት ሆናችሁ ከእኔ ጋር እንዲህ በሉ፦

“ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ የደበቅሁትን ታውቃለህ። ላዬን ቀብቼ ኖሬያለሁ፤ ውስጤ ግን ተበልቷል። ስለ እኔ የከፈልከውን ዋጋ አምናለሁ። ይቅር በለኝ፤ ከሥሬ አድሰኝ፤ ጌታዬና አዳኜ ሁን። የበደልኩትን ሰው እንድክስ ጉልበት ስጠኝ። አሜን።”

ይህን ከልባችሁ ከጸለያችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለች የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሂዱና ለአገልጋዮች ንገሩ፤ ብቻችሁን አትጓዙ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጣሉት፣ ለጎረቤት ስጡ።

ጌታ ይባርካችሁ።